መትከልና መጽደቅ

የአማርኛ ቋንቋ ስለ ሰው አካል ሲናገር አያሌ ቃላቱን የሚያመጣው ከአትክልት ቦታ ነው። የሰው ቁመናና አቋም «ተክለ ሰውነት» ይባላል፤ ደም የሚመላለስበት ቧንቧ «ደም ሥር» ነው፤ እጅ ከክንድ ጋር የሚያያዝበት ስፍራ፣ እንደ ሸንበቆና እንደ ሸንኮራ አገዳ ሁሉ፣ «አንጓ» የሚል ስም አለው፤ ከእናቱ የሚወለደው ልጅም «የማኅፀን ፍሬ» ይባላል። ይህ አነጋገር ለጌጥ ሲባል የተፈጠረ አይደለም። መሬት ቆፍሮ፣ ችግኝ አፍልቶ፣ ዛፍ ተንከባክቦ የኖረ ሕዝብ አካሉን የተረዳው በየዕለቱ እጁ በሚነካው ነገር አማካይነት እንደ ሆነ የሚያሳይ ነው። ቃሉ ከሥራ ወጣ፤ ሥራው ደግሞ ከተጨባጭ ኑሮ ወጣ።

ከነዚህ ቃላት መካከል ከሁሉ ይልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ አርግዞ የሚገኘው «ተከለ» የሚለው ግሥ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሕይወት ያለውን ነገር ከአንድ ቦታ ነቅሎ በሌላ ቦታ የሚተክል ሰው፣ አትክልተኛም ይሁን ሐኪም፣ ሹምም ይሁን የኪነት ሰው፣ «በጎ ሠራሁ» ለማለት መብት የሚኖረው መቼ ነው?

የቃሉ ስፋት

ችግኝ ይተከላል፤ ምሰሶ ይተከላል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ታቦት ይተከላል፤ ፋብሪካም ይተከላል። በጢያ የሚገኙትና በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት የጥንት መቃብር ምልክቶች «ትክል ድንጋይ» ይባላሉ። ሐኪሞችም የአንዱን ሰው ኩላሊት ወይም የዓይን ብሌን ወስደው በሌላው ሰው ሲያኖሩ ሥራው «ንቅለ ተከላ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ይህ ስም አዲስ ቢመስልም ሐሳቡ የቡና ገበሬ ሐሳብ ነው፤ ችግኙን ከመደቡ መንቀል፣ በተዘጋጀለት ጉድጓድ መትከል።

ይሁን እንጂ «ተከለ» ለድንጋይና ሕይወት ላለው ነገር በእኩል ቢነገርም፣ ሁለቱ ተከላዎች አንድ አይደሉም። በ1937 እ.ኤ.አ. በፋሺስት ኢጣልያ ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ተቆራርጦ ተመለሰ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቀድሞ ቦታው ቆመ። ድንጋዩ 68 ዓመት በባዕድ አገር ሲቆይ አልከሳም፤ ሲመለስም ውሃ አልጠየቀም። መሐንዲሶቹ መሠረቱን አጽንተው ካቆሙት በኋላ ሥራው አለቀ። ድንጋይ በተተከለበት ቀን ተከላው ይፈጸማል።

ሕይወት ያለው ነገር ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ገበሬ «መቶ ችግኝ ተከልሁ» ብሎ ቢናገር፣ ጎረቤቱ አፍታም ሳይቆይ «ስንቱ ጸደቀልህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አማርኛ ለተከላው ፍጻሜ ሌላ ግሥ አዘጋጅቶለታል፤ እርሱም «ጸደቀ» የሚለው ነው። ችግኙ አዲሱን አፈር ተቀብሎ፣ አፈሩም ችግኙን ተቀብሎ፣ ሥር ይዞ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያን ጊዜ «ጸደቀ» ይባላል።

ይህ ቃል በግዕዝ እውነተኛ መሆንን፣ ፍትሐዊ መሆንን ያመለክታል። በዕብራይስጥና በዐረብኛ የሚገኙት ዘመዶቹም ስለ ጽድቅና ስለ እውነት የሚናገሩ ናቸው። አማርኛ ከዚህ ከጥንት ሐሳብ ሦስት ነገር አወጣ፦ በጎ የሠራ ሰው «ጸደቀ» ይባላል፤ በጉባኤ ተቀባይነት ያገኘ ሕግ «ጸደቀ» ይባላል፤ ተተክሎ ሥር የያዘ ችግኝም «ጸደቀ» ይባላል።

የቃሉን አጠቃቀም በጥሞና ለተመለከተ ሌላም ነገር ይገለጥለታል። በተዘራበት ቦታ የወጣ ዘር «በቀለ» ይባላል እንጂ እንደ ተነቃይ ችግኝ «ጸደቀ» አይባልም። ሳይዘራ የወጣ አረም ማሳውን ሲሞላም «ወረረ» ይባላል፤ ጽድቅ ግን አይሰጠውም። «ጸደቀ» የሚባለው ከነበረበት ተለይቶ፣ በሞትና በሕይወት መካከል ቆይቶ፣ በሌላ ስፍራ ለመኖር የበቃ ነገር ነው። ስለዚህ ቃሉ አደጋን ያውቃል። መንቀል ማቁሰል እንደ ሆነና ማንም የነቀለ ሰው ዕዳ እንደ ገባ ያስታውሳል።

በአትክልተኛው እጅ

ችግኝን ነቅሎ ከመትከል የረቀቀው የአትክልተኛ ሥራ የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ዛፍ ግንድ ላይ ማዳቀል ነው። ማንጎም፣ አቮካዶም፣ ብርቱካንም፣ በጨንቻ ደጋ የሚለማው አፕልም በዚህ መንገድ ይባዛሉ። አትክልተኛው ጥሩ ፍሬ ከሚሰጠው ዛፍ ቀንበጥ ይቆርጣል፤ ሥሩን በሚሰጠው ግንድ ላይ በስለት መግቢያ ያበጃል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ ሕያው ሽፋን ከሌላዋ ሕያው ሽፋን ጋር እንድትገጥም አድርጎ ያጋጥማቸዋል፤ ከዚያም እርጥበት እንዳያመልጥ አጥብቆ ያስራል። የእርሱ ድርሻ በዚህ ያበቃል። ማጋጠም ይችላል፤ ማዋሐድ ግን አይችልም። ውሕደቱን የሚፈጽሙት ግንዱና ቀንበጡ ራሳቸው ናቸው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ለአሳቢ ሰው ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ የወይን ማሳዎች የደረሰው ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰሜን አሜሪካ ከመጣ ተክል ጋር የገባ ፊሎክሴራ የተባለ ደቃቅ ተባይ ሥር እየበላ የአውሮፓን ወይን ጨረሰው። መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ከአሜሪካ ነበር፤ የአሜሪካ ወይን ሥር ተባዩን ከጥንት ጀምሮ ስለ ለመደው ይችለው ነበርና፣ የፈረንሳይ ቀንበጥ በአሜሪካ ሥር ላይ ተዳቀለ። «የኛ ወይን በባዕድ ሥር አይቆምም» ያሉ ነበሩ፤ ወይኑ ግን ጸደቀ። እንግዲህ ባዕድ መሆን ብቻውን ላለመጽደቅ ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው ትምህርት ተቃራኒ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአርጀንቲናና በብራዚል በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀሉ ጣፋጭ ብርቱካኖች በሚሊዮን እየደረቁ ሞቱ። በሽታው «ትሪስቴዛ»፣ ማለትም «ሐዘን» ተባለ። የሚያስደንቀው፣ ጣፋጩ ብርቱካን በራሱ ሥር ሲቆም ቫይረሱን ይቋቋመው ነበር፤ ኮምጣጣውም በራሱ ሥር ላይ ሲያድግ እንዲህ አይረግፍም ነበር። ሞት የመጣው በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። ቀንበጡን ብቻ የመረመረ ጤነኛ ነው ይል ነበር፤ ሥሩን ብቻ የመረመረም እንዲሁ። ጉዳቱ በግንኙነታቸው ውስጥ ስለ ነበር፣ ሁለቱን በየብቻቸው ማወቅ በቂ ሳይሆን ቀረ።

በሐኪሙ እጅ

ሐኪሞች የአካልን ተከላ ከአትክልተኞች እንደ ተማሩ ቃላቸው ይመሰክራል። በቦሎኛ ያስተምር የነበረው ጋስፓሬ ታሊያኮዚ በ1597 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫን ዳግም ስለ መሥራት ሲጽፍ፣ ለሥራው በላቲን የሰጠው ስም የፍሬ ዛፍ ለማዳቀል የሚነገረውን ነበር። ዘዴውም የአትክልተኛ ነው። ከታካሚው ክንድ ቆዳ በከፊል ይገፋል፤ ክንዱ ከፊቱ ጋር ይታሰራል፤ ቆዳው አፍንጫው ላይ እስኪይዝ ድረስ ከክንዱ አይቆረጥም። ታካሚው ክንዱ ከፊቱ ጋር ታስሮ ለሳምንታት ይቆያል። ታሊያኮዚ በአዲሱ ቦታ ሳይጸድቅ ከቀድሞው ቦታ አልነቀለም። ይህ ትዕግሥት ኋላ በተነሡ ብዙ ተካዮች ዘንድ አልታየም።

ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሰው መትከል ግን ለብዙ ዘመን አልሆነም። ምክንያቱን በሚገባ የገለጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን ቆዳ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ነው። ሜዳዋርና የሥራ ባልደረባው ጊብሰን በ1943 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ለጊዜው ከያዘ በኋላ ይረግፋል፤ ከዚያው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቢወሰድ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ይረግፋል። ሰውነት ያስታውሳል ማለት ነው። ተቀባዩ አካል ዝም ብሎ የሚቀበል አፈር ሳይሆን የራሱንና የባዕዱን የሚለይ፣ የቆሰለበትንም የማይረሳ ሕያው ነገር ነው። ሜዳዋር በዚህ ረገድ ላደረገው ምርምር በ1960 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

በታኅሣሥ 1954 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ያደረጉት የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሳካው ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንታ ወንድማማቾች ስለ ነበሩ ነው። ሐኪሞቹ አስቀድመው ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ቆዳ ተክለው መያዙን አረጋግጠዋል። ሆኖም ያስጨነቃቸው የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሕክምና ታሪክ የሐኪም ቢላዋ የሚነካው የታመመን ሰው ነበር፤ አሁን ግን ጤነኛ ሰው ለራሱ ጤና ምንም በማይጠቅመው ሕክምና እንዲቆስል ተጠየቀ። ስለዚህ የሃይማኖት አባቶችንና የሕግ ዐዋቂዎችን አማከሩ። ተቀባዩ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሰጪው ወንድሙ ደግሞ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ኖረ።

እዚህ ላይ «ንቅለ ተከላ» የሚለው ቃል የያዘውን ክብደት ማስተዋል ይገባል። ብዙ ሰው ሐኪሙ የታመመውን ኩላሊት ነቅሎ በቦታው ጤነኛውን የሚተክል ይመስለዋል። በተግባር ግን የታማሚው የቀድሞ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ፤ አዲሱ ኩላሊት ከሆድ በታች በኩል ተቀምጦ ደም ሥሩ ከደም ሥር ጋር ይሰፋል። እንግዲህ «ንቅል» የሚለው የቃሉ ክፍል የሚወርደው በታመመው ላይ ሳይሆን በጤነኛው ላይ ነው። መትከል ሲነገር ነቀላው ይረሳል፤ የተቀባዩ መዳን ሲነገርም የሰጪው ቁስል ይረሳል። ቃሉ ግን ሁለቱንም ይዞ «ንቅለ» የሚለውን በማስቀደሙ፣ ሥራው ከማን ላይ ምን እንደ ወሰደ ሳይጠየቅ እንዳይታለፍ ያስገድዳል።

በታኅሣሥ 1967 እ.ኤ.አ. በኬፕ ታውን ክርስቲያን ባርናርድ የሰው ልብ ለሰው ሲተክል ዓለም በአንድ ቀን ሰማው። ታካሚው በ18ኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ፤ አዲሱን ልብ እንዳይጥለው ተብሎ የሰውነቱ መከላከያ ኃይል እንዲዳከም ተደርጎ ነበርና። በተከታዩ ዓመት በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ከመቶ በላይ ልብ ተከሉ፤ አብዛኞቹ ታካሚዎች ግን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። የመትከል ጥበብ ከማጽደቅ ጥበብ ቀድሞ ስለ ነበር፣ ብዙዎቹ ሥራውን አቆሙ። በሩን የከፈተው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስፋት የተሠራበት ይህ መድኃኒት የተገኘው ከአፈር ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ነበር። አካል ባዕዱን አካል እንዲታገሥ ያስተማረው ነገር ከአፈር መምጣቱ ለአትክልተኛ የሚያስገርም አይሆንም።

በኢትዮጵያም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጓል። ቀዶ ጥገናው የሰዓታት ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ግን ኩላሊቱ እስከሚሠራ ድረስ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ታካሚው በየጊዜው ይመረመራል፤ ሰጪውም እንዲሁ። ከዚህ እንደሚታየው የማጽደቅ ሥራ ከመትከል ሥራ በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን በመትከሉ ቀን ነው።

ሰው ሲተከል

አትክልተኛው ቀንበጥ፣ ሐኪሙ ኩላሊት ይተክላል። ሕዝብን የሚያስተዳድር ደግሞ ሰውን ራሱን የሚተክልበት ጊዜ አለ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረኃብ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወሰደ። ድርቁ እውነት ነበር፤ የተራቆተው ደጋም እውነት ነበር፤ ሕዝቡን ከሞት ወደ ለም መሬት የማሻገር ሐሳብም በራሱ የክፋት ሐሳብ አልነበረም። በሥራው የተሰማሩ ብዙ ካድሬዎችና መምህራን፣ በዘመቻ የሄዱ ተማሪዎችም፣ በጎ እንደሚሠሩ ያምኑ ነበር።

ነገር ግን ነቀላው ሁልጊዜ በፈቃድ አልነበረም፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት የተለያየበት ጊዜ ነበር። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ወረደ፤ ወባን የማያውቅ አካል ከወባ ጋር ተገናኘ፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ በሬው በገንዲ በሽታ የሚሞትበት አገር ገባ። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት አለቁ፤ ብዙዎችም በእግራቸው ወደ መጡበት ለመመለስ ሲሞክሩ ወደቁ ወይም ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በየሳምንቱ የሚቀርበው ዘገባ ግን ስንት ሰው «እንደ ሰፈረ» ይናገር ነበር፤ የመትከል ቁጥር ነበር፤ የመጽደቅ ቁጥር አልነበረም።

ከሰፈራው ቦታዎች አንዱ መተከል ነው። ስሙ ከሰፈራው በፊት የነበረ ሲሆን በአማርኛ ጆሮ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የተደረገበትን ነገር በቀጥታ የሚናገር ይመስላል። በጣና በለስ ፕሮጀክት በፓዌ አካባቢ የሰፈሩት የመጡበት መሬት በእቅዱ ላይ እንደ ጠፍ መሬት ታየ። ያ መሬት ግን የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶበት ለረጅም ጊዜ የሚያሳርፈው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ነበር። ያረፈ መሬት ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። እቅድ አውጪው ስለ ተነቃዩ አሰበ፤ ስለ ተተካዩም አሰበ፤ ተቀባዩን ግን እንደ ጉድጓድ ቆጠረው። የሜዳዋር ትምህርት በዚህ ቦታ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል፤ ተቀባይ የሆነ ሁሉ ሕያው ነው፤ ያስታውሳልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎች ወደ ቀድሞ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩትም ቤት ሠሩ፤ ዛፍ ተከሉ፤ ልጅ ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ሌላ አገር አያውቁም። በእነርሱ ዘንድ ተከላው ጸድቋል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ያጸደቁት ግን ራሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግድያ ብዙ ንጹሓን ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ለዚያ መከራ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ከእውነት መራቅ ነው። ሆኖም የተተካዩና የተቀባዩ መጋጠሚያ እንደ ብርቱካኑ ዛፍ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሊታመም እንደሚችል የማያስብ አስተዳዳሪ፣ ከአትክልተኛ ያነሰ ዕውቀት ይዞ በሰው ሕይወት ላይ ይሠራል።

የኪነትና የሕግ ተከላ

ከውጭ የመጣ ሐሳብም ይተከላል። የዚህ ጥሩ ምሳሌ፣ ስማቸው ራሱ ቃሉን የያዘው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩስያ ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው ሁለት ነገር ተክለዋል። አንደኛው ቴአትር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት አቀረቡ፤ ተውኔቱ በእንስሳት አስመስሎ ሹማምንትን የሚነካ በመሆኑ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቀንበጡ የደረቀ መሰለ። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ከቅኔ ቤት የወጡ ሰዎች፣ ቴአትርን በግጥምና በዜማ፣ በቅኔውም ግንድ ላይ አዳቅለው በየትምህርት ቤቱ አቀረቡት። ያን ጊዜ ቴአትር ጸደቀ። የጸደቀውም አውሮፓዊ መልኩን እንዳለ ጠብቆ ወይም የአገሩን ግንድ ቆርጦ ጥሎ ሳይሆን፣ ከአገሩ ሥር ውሃ ስለ ጠጣ ነው።

ሁለተኛው ተከላቸው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ይህ ሐምሌ 9 ቀን በታላቅ ሥነ ሥርዓት በፊርማ ጸደቀ። በ1948 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ተተኪውም በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታገደ። ታሪክ እዚህ ላይ ፌዝ የሚያውቅ ይመስላል፦ የአንድ ሰው ሁለት ተክሎች ናቸው፤ አንዱ በዐዋጅ ታግዶ በሕዝብ መካከል ጸደቀ፤ ሌላው በፊርማ ጸድቆ በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ሥር ሳይሰድ ቀረ።

ማን «ጸደቀ» ይበል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ሰው የሚመዘነው በሐሳቡ ነው፤ ዝናብ ቢቀር ችግኙ ቢደርቅ የተካዩ ጥፋት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ውሃ ያጠጣ፣ አጥር ያጠረ፣ በችግኙ አጠገብ የቆየ ሰው፣ ችግኙ ቢሞትበት አይወቀስም። ነገር ግን አለመወቀስ አንድ ነገር ነው፤ «ፈጸምሁ» ማለት ሌላ ነገር ነው። በጎ ሐሳብ ከወቀሳ ያድናል እንጂ ያልጸደቀውን የጸደቀ አያደርገውም። በጎ ሐሳብ ያለው ሰው ተክሎ ከሄደ ደግሞ፣ መሄዱ ራሱ ስለ ሐሳቡ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንግዲያው ሥር የያዘ ሁሉ መልካም ነውን?» የሚል ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ በአፋር ምድር በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ተተከለ፤ ሥሩን ሰደደ፤ የከብቱን ግጦሽ፣ የወንዙን ዳር፣ የእርሻውን መሬት ሸፈነ። በሰው አካል ውስጥም ነቀርሳ ሥር በመያዝ የሚተካከለው የለም። ሕዝቡ ግን አስቀድሞ መልሱን በቋንቋው አኑሮታል፤ እንዲህ ያለው «ወረረ» ይባላል። «ጸደቀ» የሚባለው ተቀባዩን ሳይገድል፣ ከተቀባዩ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ጣፋጩ ፍሬ ከሥሩ ጋር፣ ኩላሊቱ ከሰውየው ጋር፣ ቴአትሩ ከቅኔው ጋር እንዲሁ ኖረዋል። ስለዚህ «ጸደቀ» የሚለው ፍርድ ሦስት ሰዎች ይጠየቁበታል፦ የተነቀለው ምን አጣ? የተተከለው ይኖራልን? የተቀበለውስ ይኖራልን? ከሦስቱ የአንዱ ድምፅ ከጎደለ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

በሰዋስውም ቢሆን ነገሩ የተገለጠ ነው። «ተከለ» የሚለው ግሥ ባለቤት ተካዩ ነው፤ «ጸደቀ» የሚለው ግሥ ባለቤት ግን ችግኙ ነው። ተካዩ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም። «አጸደቀ» የሚል ግሥ አለ፤ ነገር ግን በጉባኤ አዳራሽ «አጸደቀ» የሚባለው እጁን ያወጣ ሲሆን፣ በአትክልት ቦታ «አጸደቀ» የሚባለው ክረምት ካለፈ በኋላ በበጋ ውሃ ተሸክሞ የተመላለሰ ነው። የመጀመሪያው የደቂቃ፣ ሁለተኛው የዓመታት ሥራ ነው። ሕዝቡ «ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ» ሲል ያማረረው፣ የአዳራሹን ጽድቅ በደጁ ሳያገኘው የቀረ ጊዜ ይሆናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ተገለጠ። ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ተተክሏል። ያን ቀን ጭቃ የረገጠ ተማሪ፣ መምህርና ሠራተኛ በከንቱ አልደከመም። የተከለበትን ኮረብታ በጥቅምት ተመልሶ ያየ ግን ከሌላው ይልቅ ዐውቋል። ለዘገባ የሚዘጋጀው ሠንጠረዥ «የተተከለ» ከሚለው ዐምድ አጠገብ «የጸደቀ» የሚል ዐምድ ካለው፣ ያ ዐምድም የሚሞላው ከቢሮ ሳይሆን ከኮረብታው ከሆነ፣ ሥራው ወደ እውነት ቀርቧል።

ይህ ለዛፍ ብቻ የሚነገር አይደለም። መምህር በተማሪው አእምሮ ሐሳብ ይተክላል፤ ፈተና ያለፈ ተማሪ ሁሉ ሐሳቡ ጸድቆለታል ማለት አይደለም። ደራሲ ከሩቅ አገር ያገኘውን ስልት በአገሩ ቋንቋ ይተክላል፤ መጽሐፉ መታተሙ ተከላ ነው። ካድሬ በመንደር መመሪያ ይተክላል፤ ስብሰባው በጭብጨባ መዘጋቱ ተከላ ነው። ከሁሉም የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ከመንቀሉ በፊት አፈሩን መጠየቅ፣ ከተከለም በኋላ አለመሄድ። የጨንቻ አትክልተኛ ያሰረውን ማሰሪያ ቀኑ ሳይደርስ አይፈታም፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ግንዱን እንዳያንቀው ሳይፈታ አይቀርም። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት በየጊዜው እየመጣ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከቀንበጡ ጫፍ አዲስ ቅጠል መውጣቱን ነው።